የጠመንጃ መዝጊያና የልክ ጥበብ

የአገራችንን የጦርነት ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት ጠመንጃው በየትኛው ወደብ እንደ ገባ፣ ማን እንዳስገባው፣ በየትኛውም የጦር ሜዳ እንደ ተተኰሰ በብዙ ድካም ጽፈው አቆይተውልናል። ስለ ገዢውና ስለ ተኳሹ ብዙ እናነባለን፤ ጠመንጃው በዘመን ብዛት ባረጀ ጊዜ ስላከመው ባለ እጅ ግን የምናነበው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ይህን የተዘነጋ ወገን ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የምንናገረው ከጠመንጃው አካል ስለ አንዲት ክፍል፣ ስለ መዝጊያው ብቻ ነውና። ነገር ግን ሰው በዐይኑ ግምት ማመንን ትቶ በልክ መሥራትን የተማረበት ረዥም መንገድ በዚህች ብረት ታሪክ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን እንድናስብ ያደረገን አንድ ቀላል ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ባልንጀራችን ጋር ወደ ገጠር ወጥተን በአንድ ሽማግሌ ቤት አድረን ነበር። በቤቱ ምሰሶ ላይ አንድ ውጅግራ ተሰቅሎ አየን። ጠመንጃው ከአያታቸው ለአባታቸው፣ ከአባታቸውም ለእርሳቸው የወረደ መሆኑን ሽማግሌው ነገሩን። አውርደው በሰጡን ጊዜ መዝጊያው እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል፤ ክፍተቱንም ለመሙላት ከጣሳ የተቈረጠ ቆርቆሮ በእጀታው ሥር ተጠቅጥቆበታል። አባታቸው በዚህ ጠመንጃ ለመጨረሻ ጊዜ በተኰሱበት ዕለት እሳቱ ወደ ኋላ ወጥቶ ቅንድባቸውን እንዳቃጠለው አወጉን። ከዚያም፦ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህ መዝጊያ ይጠገናል ወይስ አይጠገንም?» ብለው ጠየቁን። በዚያች ሌሊት የሰጠናቸው መልስ አጥጋቢ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄውን ይዘን ተመለስን።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት፣ የውጭውን አገር ነገር ስንተርክ በኤውሮጳ አቈጣጠር፣ የአገራችንን ስንተርክ ደግሞ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መጠቀማችንን አንባቢ ይወቅልን።

ጠመንጃ በጥንት ዘመን ባሩዱንና እርሳሱን የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበር። የኋላ ጫፉ ድፍን ብረት ስለ ነበረ፣ ከትንሿ የእሳት ቀዳዳ በቀር ኀይሉ ወደ ተኳሹ የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም። ጠመንጃው በኋላ በኩል መጉረስ ሲጀምር ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ይኸውም፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር እንደ ድፍን ግድግዳ ሊጸና የሚችለው እንዴት ነው? የሚል ነው። መዝጊያ የምንለውም ይህን በር ነው፤ ወታደሩ እጀታውን ይዞ የሚያቀባብለው፣ ጥይቱን ወደ ቤቱ የሚገፋው፣ ከዚያም ዞሮ የሚቈለፈው ብረት ማለት ነው።

ለጥያቄው በሠራዊት ደረጃ መልስ ካገኙት ሰዎች አንዱ ዮሐን ኒኮላውስ ድራይዘ የተባለ የፕሩስያ ሰው ነው። የፕሩስያ መንግሥት የእርሱን ባለ መርፌ ጠመንጃ በ1841 ተቀበለ፤ በ1866ም በኮኒግግሬትዝ ጦርነት ኦስትርያን ድል ሲያደርግ የዚህ ጠመንጃ ፍጥነት ብዙ ረድቶታል። ነገር ግን የድራይዘ መዝጊያ በመጋጠሚያው በኩል እሳትና ጭስ ያስወጣ ነበር፤ ጠመንጃውም ባረጀ ቊጥር የሚወጣው እየበዛ ሄደ። ፈረንሣዊው አንትዋን ሻስፖ በዚያው በ1866 ባወጣው ጠመንጃ መዝጊያው ራስ ላይ የጎማ ቀለበት አደረገበትና መጋጠሚያውን ደፈነው። ብልኀቱ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ጎማ ይቃጠላል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወታደሩ ትርፍ ጎማና ትርፍ መርፌ ይዞ እንዲዘምት ሆነ።

በ1874 ባዚል ግራ የተባለ ፈረንሣዊ መኰንን የሻስፖን ጠመንጃ በብረት ቀለህ እንዲሠራ አድርጎ ለወጠው። ጥይቱ ሲተኰስ ቀለሁ ራሱ በሙቀቱና በግፊቱ ይለጠጥና በጥይት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በዚህም እሳቱን ያግዳል፤ ጎማ አያስፈልግም። ፈረንሣዮች ይህን መሣሪያ «ፉዚ ግራ» አሉት፤ የእኛም አባቶች በአማርኛ ልሳን አዋሕደው «ውጅግራ» አሉት። በኢትዮጵያ ቤቶች የተሰቀለው ውጅግራ እንግዲህ የዚህን ሰው ስም እንደ ተሸከመ ይኖራል።

ይህ ጠመንጃ ወደ አገራችን በብዛት የመጣበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ፈረንሣይ በ1886 ለበል የተባለውን፣ እኛ ለበን ያልነውን፣ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ በተቀበለች ጊዜ ውጅግራ አሮጌ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ኤውሮጳ የተዋትን መሣሪያ ነጋዴዎች በታጁራና በኦቦክ፣ በኋላም በጅቡቲ በኩል ያመጡት ጀመር። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ እንኳ ወደ 2,000 የሚደርስ አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ገብቶ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት ከያዛቸው ልዩ ልዩ መሣሪያዎች መካከልም ውጅግራ አንዱ ነበር። ድሉ የጀግኖቹ ነው፤ ሆኖም ከእያንዳንዱ ተኳሽ ጒንጭ አጠገብ አንዲት መዝጊያ ቆማ እሳቱን ወደ ፊት ትመልስ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

አሁን መዝጊያ እንዴት እንደሚያረጅ እንመልከት። ጥይቱ ሲተኰስ ቀለሁ ወደ ኋላ በኀይል ይገፋል። ያን ግፊት የሚቀበለው የመዝጊያው ፊት ነው፤ መዝጊያው ደግሞ ሸክሙን በጥርሱ ወይም በእጀታው ሥር ባለው ጕብታ አማካይነት ለጠመንጃው ገላ ያስተላልፋል። በውጅግራ ሸክሙን የሚሸከመው በእጀታው ሥር ያለው ይህ ጕብታ ነው። ብረት ከብረት ጋር በሺህ ጊዜ ሲጋጭ፣ አሸዋና ዝገት ሲገባበት፣ ቅባት ሲያጣ፣ ሁለቱም ገጾች ቀስ በቀስ ይበላሉ። በመዝጊያው ፊትና በቀለሁ መቀመጫ መካከል ያለውም ክፍተት ያድጋል። ክፍተቱ ከልኩ ባለፈ ጊዜ ቀለሁ ወደ ኋላ ሲገፋ ደጋፊ ያጣል፤ የፊቱ ክፍል በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሲቀር የኋላው ይጎተታል፤ በመካከሉም ይበጠሳል። ያን ጊዜ እሳቱ በፊት በር የሚወጣውን ያህል ባይሆንም በኋላ በር ይወጣል። የሽማግሌው አባት ቅንድብ የተቃጠለውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሰዎች ለዚህ በሽታ ልዩ ልዩ መድኀኒት ሞክረዋል፤ አብዛኛው ከበሽታው የከፋ ነው። አንዱ በምሰሶው ጠመንጃ ላይ እንዳየነው ቆርቆሮ መጠቅጠቅ ነው። ቆርቆሮ መወዛወዙን ለእጅ ይሰውራል እንጂ ሸክም አይሸከምም፤ በመጀመሪያው ተኩስ ይደቅቃል። ሁለተኛው ሞረድ ነው። መዝጊያው አልዘጋ ሲል ጥርሱን የሚሞርድ ሰው ቀኙን ከግራው ያበላልጣል፤ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ወገን ይወድቅና ያ ወገን ይሰነጠቃል። ሦስተኛው እሳት ነው። የመዝጊያው ገጽ በፋብሪካ ተነክሮ የጠነከረ ስለ ሆነ፣ ለማቅናት ወይም ብረት ለመለጠፍ ሲባል እንደገና በከሰል እሳት የጋለ እንደ ሆነ ጥንካሬውን ያጣል፤ መልኩ ያው ሆኖ ጠባዩ ይለወጣል። አራተኛው ደግሞ የሌላውን ጠመንጃ መዝጊያ አውጥቶ መክተት ነው። ይገባል፤ ይዘጋልም። ነገር ግን መግባትና መዝጋት የልክ ማስረጃ አይደሉም። አራቱም ስሕተቶች የሚመነጩት ከአንድ ምንጭ፣ ማለት ዐይንንና እጅን ከማመን ነው።

ዐይን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ኤውሮጳና አሜሪካ የተማሩት በአንድ ቀን አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት ኦኖሬ ብላን የተባለ ፈረንሣዊ ጠመንጃ ሠሪ የጠመንጃ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ልክ ቢሠሩ የአንዱ ለሌላው እንደሚሆን አሳየ። በ1785 በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን ወደ ሥራ ቤቱ ሄዶ፣ ተፈታትተው ከተደባለቁት ክፍሎች መካከል እጁ ያገኛቸውን አንሥቶ ራሱ ገጣጠማቸው፤ ያለ ሞረድም ገጠሙለት። በአሜሪካ ጆን ሆል በሃርፐርስ ፌሪ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በ1820ዎቹ ለእያንዳንዱ ክፍል መለኪያ እያበጀ ይህን አሳብ በኋላ ለሚጎርስ ጠመንጃ አዋለው። በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የአሜሪካ ጠመንጃዎች ክፍሎቻቸው እርስ በርስ የሚለዋወጡ መሆናቸው በታየ ጊዜ እንግሊዞች ተደነቁ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ለኤንፊልድ ፋብሪካቸው የአሜሪካን መኪናዎች ገዙ። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ክፍል በሌላ ተመሳሳይ ክፍል መተካት ተቻለ። ጥገና ከግምት ወደ ሥርዐት የተሻገረው በዚህ ድልድይ ነው።

ሆኖም ልክን የሚያውቅ ፋብሪካ እንኳ አንድ ጊዜ ለዐይን ቦታ ቢለቅ ምን እንደሚደርስበት የአሜሪካ ታሪክ ራሱ ያስተምረናል። በ1903 የወጣው የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ በመለኪያ ረገድ የተመሰገነ ሥራ ነበር። ነገር ግን ብረቱን በእሳት የሚያጠነክሩት ሠራተኞች የሙቀቱን መጠን የሚያውቁት የጋለውን ብረት ቀለም በዐይናቸው አይተው ነበር። በ1917 አንዳንድ ጠመንጃዎች በተኩስ ጊዜ ተፈረካከሱ። ምርመራ ሲደረግ ምክንያቱ ተገኘ። በፀሓያማ ቀን የጋለ ብረት ከእውነተኛው ሙቀቱ ይልቅ የቀዘቀዘ መስሎ ስለሚታይ፣ ሠራተኞቹ ከሚገባው በላይ ያግሉት ነበር፤ ብረቱም እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆን ነበር። እነዚያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ የረዥም ዘመን ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ያታለላቸው ዐይናቸው ነው። በ1918 ፋብሪካው የሙቀት መለኪያ መሣሪያ አግብቶ የማጠንከሩን ሥራ ለወጠ፤ በስፕሪንግፊልድ ከ800,000 ቊጥር በፊት የተሠሩትም ጠመንጃዎች እስከ ዛሬ ድረስ በጥርጣሬ ይታያሉ።

መልካም ጥገና ምን እንደሚመስል ለማየት የእንግሊዙን ሊ ኤንፊልድ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ይህ መሣሪያ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ሠራዊታችንን ባሠለጠነበት ዘመን የእንግሊዝ ሥሪት ጠመንጃ በኢትዮጵያ ወታደር እጅ የታወቀ ነበር። የመዝጊያው ፈልሳፊ ጀምስ ፓሪስ ሊ በስኮትላንድ ተወልዶ በካናዳ አድጎ በአሜሪካ የሠራ ሰው ነው። የእርሱ መዝጊያ ራሱ ለብቻው ተሠርቶ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ገላው ሳይነካ ራሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ቊጥር 4 በተባለው ሊ ኤንፊልድ የመዝጊያ ራሶች ከ0 እስከ 3 ተቈጥረው ይሠሩ ነበር፤ የአንዱ ርዝመት ከሌላው የሚበልጠው በወረቀት ውፍረት ያህል ነው።

የሠራዊቱ ጠጋኝ ሥራውን የሚጀምረው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በማረጋገጥ ነው። ከዚያ መዝጊያውን አውጥቶ ይፈታል፤ ቅባቱንና ጥላሸቱን አጥቦ ያደርቃል፤ ቆሻሻ ራሱ የተሳሳተ ልክ ይሰጣልና። ቀጥሎም ሁለት የብረት መለኪያ ያነሣል። የመጀመሪያው ውፍረት 0.064 ኢንች፣ ማለት 1.63 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህ በጥይት ፋንታ ሲገባ መዝጊያው በላዩ ላይ በቀላሉ መዘጋት አለበት። የሁለተኛው ውፍረት 0.074 ኢንች፣ ማለት 1.88 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ላይ መዝጊያው መዘጋት የለበትም። በ«ይዘጋ» እና በ«አይዘጋ» መካከል ያለው ልዩነት የሚሊሜትር ሩብ ብቻ ነው። የሰው ዐይን ይህን አይዳኝም፤ መለኪያው ግን ያለ አድልዎ ይመሰክራል።

መዝጊያው በሁለተኛው መለኪያ ላይ ከተዘጋ ጠጋኙ ረዘም ያለ ቊጥር ያለውን ራስ ይሞክራል፤ እንደገናም ይለካል። ይህም ብቻ አይበቃም። የመዝጊያው ሁለት ወገኖች በእኩል መሸከማቸውን ለማወቅ ቀለም ወይም ጥላሸት ቀብቶ ይዘጋና ይከፍታል፤ የተፋቀው ቦታ ሸክሙ የት እንዳረፈ ይነግረዋል። የመርፌው ጫፍ ከመዝጊያው ፊት የሚወጣውንም ይለካል፤ ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት ከፍ ማለት ይገባዋል፤ ቢያንስ ጥይቱ አይተኰስም፣ ቢበዛ ቀለሁን ይበሳል። መዝጊያው በሙሉ የተለወጠ እንደ ሆነ የጠመንጃው ቊጥር ይቀረጽበታል፤ ከዚያ ወዲያ ከሌላ ጋር እንዳይደባለቅ ነው። በመጨረሻም ጠመንጃው ታስሮ፣ ሰው ርቆ፣ በበረታ ጥይት ይፈተናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጠጋኙ ሌላ ሥራ ነው። የተበላው የመዝጊያው ጥርስ ሳይሆን ጥርሱ የሚያርፍበት የጠመንጃው ገላ ሲሆን፣ ምንም ዓይነት ራስ ቢገባ አያድነውም። ያን ጊዜ ጠጋኙ «ይህ ጠመንጃ ከእንግዲህ አይተኩስም» ብሎ መፍረድና ፍርዱን በመዝገብ መጻፍ አለበት። አለቃው ሊቈጣ ይችላል፤ ባለቤቱ ሊያዝን ይችላል። ቆርቆሮ ጠቅጥቆ «ድኗል» ማለት ለዕለቱ ምስጋና ያስገኛል፤ ነገር ግን ዋጋውን ሌላ ሰው በዐይኑ ይከፍላል። ስመ ጥሩው የጠመንጃ ጥበበኛ ጳውል ማውዘር እንኳ በ1901 አዲስ ጠመንጃ ሲፈትን በደረሰ አደጋ አንድ ዐይኑን አጥቷል። ብረት ለሠሪው አያደላም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ ሁለት ነገር ያስታውሰናል። የመጀመሪያው የመሣሪያ ብዛት ብቻውን ኀይል አለመሆኑን ነው። በ1928 ዓ.ም. ወራሪው በመጣ ጊዜ ወታደራችን ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ማውዘርና ሌላም ይዞ ተሰለፈ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱም መዝጊያ ለሌላው አይገባም። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመንማ የተማረከው ሁሉ ተጨምሮ ድብልቁ በዛ። በዱር በገደል ሆኖ ያለ መለኪያና ያለ ትርፍ ክፍል ያን መሣሪያ ያቆየ ባለ እጅ ያደረገው በተቻለው መጠን ነው። የቆርቆሮው ጥገናም ከዚያ ችግር የተወለደ ሊሆን ስለሚችል፣ ልንነቅፈው እንጂ ልንንቀው አይገባንም።

ሁለተኛው ስለ ባለ እጁ ክብር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ለማሠራት የደከሙት ከውጭ የሚገዛ ብረት የራስ እንዳልሆነ ስላወቁ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መስደብ የተከለከለ መሆኑን ዐውጀዋል። ዐዋጁ ማስፈለጉ ራሱ የዘመኑን ሁኔታ ያስረዳል። ጠመንጃ የያዘው «ጀግና» ሲባል ጠመንጃውን የጠገነው «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። የተናቀ ሰው ደግሞ ለጌታው «ይህ አይድንም» ብሎ እውነቱን ለመናገር ድፍረት አይኖረውም። መለኪያ በአገር ውስጥ ሊጸና የሚችለው መለኪያውን የያዘው ሰው ሲከበርና ቃሉ ሲሰማ ነው። ይህም ለጠመንጃ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ድልድይ ለሚመረምር መሐንዲስ፣ መድኀኒት ለሚመዝን ባለሙያ፣ የተማሪን ፈተና ለሚያርም መምህርም ይነገራል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት ዳግመኛ ሄድን፤ መልሳችንንም ይዘን ነበር። «አባታችን፣» አልናቸው፣ «ይህ ጠመንጃ እንዲተኩስ ሆኖ አይጠገንም። የተበላው መዝጊያው ብቻ አይደለም፤ የሚያርፍበትም ገላ ተበልቷል። እንዲኖር ሆኖ ግን ይጠገናል።» ቆርቆሮውን አውጥተን ሰጠናቸው። ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ እንጂ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት እንዳያስለቅቁት፣ በብረቱም ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ስምና ቊጥር እንዳያስጠፉት ለመንናቸው፤ ያ ጽሕፈት ጠመንጃው የት እንደ ተሠራ የሚናገር ማስረጃ ነውና።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ቆርቆሮዋን በመዳፋቸው ይዘው እያገላበጡ፦ «አባቴ በዚህች ነበር የሚታመኑት» አሉ። ጠመንጃውን ወደ ምሰሶው መለሱት፤ ቆርቆሮዋን ግን ወደ ምድጃው አልጣሏትም፤ ከጠመንጃው አጠገብ በክር አንጠለጠሏት። እኛም ዝም አልን። ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰቅለው ሲታዩ፣ አንዱ የጀግንነታችንን፣ ሌላው የጎደለንን ይመሰክራሉ፤ ታሪካችንም ሙሉ የሚሆነው ሁለቱን አብረን ስናነብ ነው።